የጃጓር ኢ-ታይፕ የፊት ፍሬም፦ ላሜራ ይደረብበት፣ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጃጓር ኢ-ታይፕ ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በረጅሙ ኮፈኖ ላይ ነው። ገንዘቡን የሚበላው ግን ከኮፈኖው ሥር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ የታየው ይህ መኪና ሰው የሚቀመጥበት ክፍሉ ከላሜራ የተሠራ ሣጥን ነው፤ ሞተሩንና የፊት እግሩን የሚሸከመው ደግሞ በብሎን የታሰረ የቀጫጭን ቱቦዎች ፍሬም ነው። ቱቦዎቹ በብስክሌት ብረት ስሙ የታወቀው የበርሚንግሃሙ ሬይኖልድስ ሥራ ናቸው፤ መጋጠሚያቸውም በናስ የተበየደ ነው። ቀላልና ጠንካራ ፍሬም ነው፤ ሆኖም ከውስጥ ይዝጋል።

ርካሹ መፍትሔ በሳሳው ቦታ ላይ ላሜራ ደርቦ በኤሌክትሪክ መበየድ ነው። ብዙ ሻጭ «ተጠናክሯል» የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ማጠናከሪያ ጉዳት እንጂ ጥገና ብዬ አልቆጥረውም። የተደረበው ቦታ ሲደነድን ጫናው ወደ ላሜራው ጠርዝ ይሸሻል፤ ቀጭኑ ቱቦም እዚያው ይሰነጠቃል። ናስ ባለበት መጋጠሚያ ላይ ከተበየደ ደግሞ ይብሳል፤ የቀለጠው ናስ በጋለው ብረት ውስጥ ሰርጎ ይሰነጥቀዋል።

የተበላሸውን ቱቦ ቆርጦ አውጥቶ በተመሳሳይ ብረት ተክቶ እንደ ጥንቱ በናስ መበየድ ግን እውነተኛ ጥገና ነው። የሚያዋጣው ጉዳቱ አንድ ቦታ ላይ ሲወሰን ነው፤ ለምሳሌ ክሪክ ያለቦታው ገብቶ የታችኛውን ቱቦ ከጨፈለቀው። ዝገቱ ከውስጥ ከተስፋፋ፣ ዛሬ አንዱን ቱቦ ያስጠገነ ነገ ለሌላው ሞተር ማውረዱ አይቀርም።

በሁለቱ ጎኖች ላሉት ፍሬሞች ምርጫዬ አዲስ መግዛት ነው። እንግሊዝ አገር ዛሬም ይሠራሉ፤ በብሎን ስለሚታሰሩም መፍታቱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ልኩን መጠበቅ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የፈታ መካኒክ ኮፈኖው ከበሮቹ ጋር አልገጥም ብሎት ሳምንታት ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ መኪናው በልክ መያዣ ላይ ይታሰር፣ አለዚያም በየተራ ይቀየር። ከ1971 ጀምሮ ለመጣው ባለ 12 ሲሊንደር፣ የባለ 6 ሲሊንደሩ ፍሬም እንደማይሆንም ልብ ይበሉ።

ከራዲያተሩ ኋላ ያለው አራት ማዕዘን ፍሬም ግን ሌላ ሐሳብ ይፈልጋል። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው እዚያ ላይ ነው፤ በቀኝ በኩል፣ ከላይ። እሱን መቀየር የመኪናውን ማንነት የሚነካ ስለሆነ፣ የሚድን ከሆነ በናስ ቢጠገን እመርጣለሁ። ተቀይሮ ከሆነ አሮጌው ክፍል የት እንዳለ ይጠይቁ፤ የሥራውን ፎቶግራፍና ደረሰኝም ይቀበሉ።

ሊገዙ ሲሄዱ የእጅ ባትሪና ትንሽ መዶሻ ይያዙ። ከባትሪው ሥር ያለውን ቱቦ አስቀድመው ይዩ፤ አሲድ የሚንጠባጠበው እዚያ ነው። ቱቦውን በቀስታ መታ መታ ያድርጉት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው፤ አንዳንዴም ቡናማ ዱቄት ከቀዳዳው ይረግፋል። መጋጠሚያው ላይ በቀለሙ ውስጥ ፀጉር የምታህል መስመር ካዩ የአዲስ ፍሬምና የሞተር ማውረጃ ሒሳብ ከዋጋው ይቀነስ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ።