ክንድና እጅ ለሚያማችሁ የሐዋሳ ሰዎች፦ ለማግኔት አምባርና ለ«ነርቭ መክፈቻ» ማሽን ገንዘብ እንዳትከፍሉ

ሰሞኑን በሐዋሳ መናኸሪያና በገበያው ዙሪያ ትንሽ ክፍል ተከራይተው «የክንድና የእጅ ነርቭ በነጻ እንመረምራለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ምርመራው እውነትም በነጻ ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው ግን 8,500 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ አንድ የማግኔት አምባር፣ ክንድ ላይ ተለጥፎ ነዘር ነዘር የሚያደርግ ትንሽ ማሽንና የአሥር ቀን «ሕክምና» ይሸጣሉ፤ ሙሉ ክፍያው በቅድሚያ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጎኔ ያለው ቤት ሹሩባ የምትሠራ ጎረቤቴ እጇ ጀበና ማንሳት እስኪያቅተው ድረስ ስትሠቃይ ቆይታ ወደ እነርሱ ሄደች፤ አብሬያት ስለነበርኩ አሠራራቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻለሁ።

ሰውየው ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አስዘረጋትና ከክርኗ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ በውጪ በኩል ያለውን ጡንቻ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጎረቤቴ ጮኸች። «አየሽ እህቴ፣ ነርቭሽ እዚህ ጋ ተዘግቷል» አላት። ምርመራ የተባለው ይኸው ነው። እዚያው ቦታ ላይ ጫን ቢባል ቀኑን ሙሉ መቀስ የሚይዝ፣ የባጃጅ መሪ የሚጨብጥ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበልት የሚውል ወይም ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ የሚሠራ ሰው አብዛኛው ይጮኻል። የደከመ ጡንቻ ሲጫኑት ያማል፤ ይህ ስለ ነርቭ የሚናገረው ነገር የለም።

እጅ ሲያም ሰው የሚያየው እጁን ነው፤ የሕመሙ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ ክንድ ነው። ጣቶቻችንን በኃይል የሚያጥፉና የሚዘረጉት ጡንቻዎች ያሉት ጣቶች ውስጥ ሳይሆን ከክርን በታች ባለው ክንድ ውስጥ ነው። አሁኑኑ በአንድ እጃችሁ የሌላውን ክንድ ከክርን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙና የተያዘውን እጅ ጣቶች አንድ በአንድ አንቀሳቅሱ፤ ከመዳፋችሁ ሥር ጡንቻው ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። ከእነዚህ ጡንቻዎች የሚነሱ ረጃጅም ጅማቶች በእጅ አንጓ በኩል አልፈው እስከ ጣት ይደርሳሉ። አንድን ነገር አጥብቀን ስንጨብጥ ደግሞ የሚሠሩት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ብቻ አይደሉም፤ አንጓው እንዳይታጠፍ በክንድ ጀርባ ያሉትም አብረው ይወጠራሉ። ስለዚህ ቀን ከቀን መጨበጥ የሚበዛበት ሰው በውጪው የክርን አጥንት ላይ የተያያዘው ጅማት ይጎዳበትና ልብስ ሲጠመዝዝ፣ ጀበና ሲያነሳ፣ ሰው ሲጨብጥ እጁ ይከዳዋል።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ማሽኑ ሲለጠፍ ሕመሙ በእርግጥ ቀለል ይላል፤ ሻጩም ገንዘቡን የሚቀበለው በዚያችው ደቂቃ ነው። ንዝረቱ የሕመሙን ስሜት ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ የተጎዳውን ጅማት ግን አይጠግነውም። ጎረቤቴ ማታውኑ ሕመሙ እንደ ቀድሞው ተመልሶባት አደረች። ልብ ምታቸውን የሚያስተካክል መሣሪያ የተተከለላቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች እንዲህ ያለውን የኤሌክትሪክ ማሽን ያለ ሐኪም ፈቃድ መጠቀም የለባቸውም። ከእኛ ቀጥለው ከገቡት መካከል አንዷ ሆዷ የገፋ ነበረች፤ ሻጩ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቃት ለጠፈላት። በጣም ያናደደኝ ይህ ነው።

አምባሩን በተመለከተ «ደም ውስጥ ብረት ስላለ ማግኔቱ ደሙን ይስበዋል» ይላሉ። ደማችን ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሚስማር በማግኔት የሚሳብ አይደለም። ለመገጣጠሚያ ሕመም ማግኔት ያለውና የሌለው አምባር ተሰጥቶ ሲነጻጸርም የረባ ልዩነት አልታየም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሥራ ጨርሶ ማቆም አያስፈልግም፤ ብዙዎቻችንም አንችልም። የሚያባብሰውን እንቅስቃሴ መቀነስ፣ በየመካከሉ እጅን ማሳረፍ፣ ስንሠራ አንጓችንን ቀጥ ማድረግ፣ የደነዘ መቀስ ማሳል (በደነዘ መቀስ ወፍራም ጨርቅ መቁረጥ ክንድን ይገድላል)፣ ዕቃ ስናነሳ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ማንሳት። ከዚያ ማሳሳቡ አለ፦ ክርንን ቀጥ አድርጎ መዳፍን ወደ መሬት በማዞር በሌላኛው እጅ የታመመውን እጅ ወደ ታች ቀስ ብሎ ማጠፍና 30 ሰከንድ ያህል ማቆየት። ዋናው ግን ማጠናከሩ ነው። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ እጃችሁ ብቻ ከጠርዙ ይውጣ፤ መዳፋችሁ ወደ ታች ሆኖ የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ያዙ። በሌላኛው እጅ እየደገፋችሁ አንሱት፣ ከዚያ ድጋፉን ልቀቁና በታመመው እጅ ብቻ በጣም በዝግታ አውርዱት። ትንሽ ቢያም ችግር የለውም፤ ሕመሙ በማግስቱ ከባሰ ክብደቱን ቀንሱ። ለውጡ የሚመጣው በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው። ይህንን የሚያሳይ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ብታገኙ ደግሞ በጣም ጥሩ።

«መርፌ ውጉኝ» ማለትም ልማዳችን ነው። ለዚህ የክርን ሕመም የሚሰጠው የስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያሳርፋል፤ ዓመት ሲሞላ ግን መርፌውን የተወጉት ካልተወጉት የባሱ ሆነው ተገኝተዋል። የሕመም ማስታገሻ ክኒንም ጨጓራ ያለበት ሰው ዝም ብሎ የሚውጠው አይደለም።

አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት የሚደነዝዙባችሁ፣ ሌሊት እጃችሁን እያራገፋችሁ የምትነቁ ከሆነ አንጓ ላይ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል ሂዱ። ዕቃ ከእጅ የሚወድቅ ከሆነና በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ መክሳት ከጀመረ ቀን አትቁጠሩ። የክንዱ ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ ደግሞ ጉዳዩ የልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ለከፈላችሁ፦ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃም በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። አቤቱታውን ለንግድ ቢሮ አቅርቡ። የሕክምና መሣሪያ ነው ተብሎ የተሸጠላችሁን ማሽን ደግሞ በነጻ የስልክ መስመር 8482 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አሳውቁ። ለጎረቤቴ ደረሰኝ አልሰጧትም፤ በእጇ ያለው በቴሌብር የከፈለችበት መልእክት ነው። እናንተም መልእክቱን አታጥፉ፣ ካርቶኑን አትጣሉ፣ ማስታወቂያውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።