ንጎሮንጎሮ፦ ዋጋውን ያወጣል?

ያወጣል፤ ማልዶ ለወረደ። የታንዛንያው እሳተ ገሞራ ጉድጓድ 600 ሜትር ያህል ጥልቀትና 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ስፋት አለው፤ አንበሳ፣ ጎሽ፣ ጅብና የሜዳ አህያ በአንድ ጠዋት ይታያሉ። ጥቁር አውራሪስ ግን ብዙ ጊዜ ርቆ ስለሚቆም ያለ ጥሩ አቅርቦ ማሳያ መነጽር ነጥብ ብቻ ነው። ቀጭኔ አትጠብቁ፣ ገደሉን አይወርድም። በለራይ ጫካ የሚታዩት ዝሆኖች ባብዛኛው ትልልቅ ወንዶች ናቸው።

መግቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል (ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው)። ጠርዙ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ጉሙና ብርዱ ከባድ ነው፤ ወፍራም ጃኬት ያዙ። ከሰው መግቢያ ሌላ የመውረጃ ክፍያ በመኪና ይታሰባል፤ በቡድን መሄድ ያዋጣል። ትልቁ እንከን መኪናዎች አንድ አንበሳ ከበው መኮልኮላቸው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ባለው የምሳ ማረፊያ፣ ንጎይቶክቶክ፣ ስትበሉ ከመኪና አትውረዱ፤ ጭልፊት ከእጅ ይነጥቃል።