ለስካውታችን ምስጋና፦ አበባና እንጆሪ ለምታመርቱ ሁሉ ጥቆማ

ባቱ፣ ቆቃ፣ ቢሾፍቱ፣ ሆለታ በየግሪንሃውሱ የምትደክሙ ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው አንዲት ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስሟን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ ስካውቷ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ስካውት ማለት ተባይ መኖሩን በየቅጠሉ እያሰሰ የሚከታተል ባለሙያ ነው።

እኔ ባቱ አካባቢ ባለ የጽጌረዳ እርሻ የግሪንሃውስ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ከጽጌረዳ ጋር የዋለ ሰው ሬድ ስፓይደር (ስፓይደር ማይት) የምትባለው ተባይ ምን እንደሆነች ያውቃል። ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ፍጥረት ከቅጠሉ ሥር ተደብቃ ጭማቂውን ትመጥጣለች፤ ቅጠሉ ነጫጭ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይገረጣል፣ ድር ያደራበትና ይረግፋል። የባቱ ሙቀትና ደረቅ አየር ደግሞ በጣም ይስማማታል። በርጭት ብቻ እንጨርሳታለን ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው፤ በዓለም ላይ ከ90 በላይ የመድኃኒት ንጥረ ነገሮችን በመላመድ የተመዘገበች ተባይ ናት። ዘንድሮ የፈጀቻት መድኃኒት ለከርሞ ውሃ ትሆናለች፤ መጠንና ድግግሞሽ ይጨመራል፤ ጭሱንና ሽታውን የሚችለው ደግሞ የረጪውና የለቃሚዋ ሳንባ ነው። የባቱ ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ከዝዋይ ሐይቅ መሆኑንም እዚህ የምንሠራ ሁላችን ልናስበው ይገባል።

ስካውቷ ይዛልን የመጣችው ሥራ ተባዩን በሌላ አዳኝ ማይት ማስበላት ነው። ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ይባላል፤ እኛ ፋይቶ እንለዋለን። ብርቱካናማ ነው፣ እግሩ ረጅም፣ ሲሄድ ፈጣን። ስፓይደር ማይት ካልሆነ ሌላ ምግብ አይፈልግም፤ አበባውንም ሰውንም አይነካም። አንዷ አዋቂ ሴት በቀን 5 ያህል አዋቂ ተባይ ወይም 20 ያህል እንቁላልና ጫጩት ትበላለች። በ20 ዲግሪ ሙቀት ስፓይደር ማይት ከእንቁላል እስከ አዋቂ ለመድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲፈጅባት፣ ፋይቶ በ9 ቀን ገደማ ይደርሳል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ስካውቷ በሥልጠናው ላይ እንዳስረዳችን፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ከቺሊ ጀርመን ከገባ ኦርኪድ ጋር ሳይታሰብ ነው አውሮፓ የደረሰው። በ1967 ደግሞ ያን ኮፐርት የተባለ የሆላንድ የኪያር ገበሬ ኬሚካሉ ሰውነቱን ስላስቆጣው እነዚህን አዳኞች ለገበያ ማቅረብ ጀመረ።

ይህን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ፋይቶ የሚመጣበትን ጠርሙስም ገንዘብ ያለው ያስመጣዋል። የስካውቷ ዋጋ የሚታየው ጠርሙሱ ከመምጣቱ በፊትና ከተነሰነሰ በኋላ ነው።

ገና ስትመጣ ስለ ፋይቶ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የርጭት መዝገቡን አምጡ አለች። ምን ተረጨ፣ የትኛው ግሪንሃውስ ቤት፣ መቼ? አባሜክቲን የተባለው የተባይ መድኃኒት ፋይቶን ይገድላል፤ ፓይሬትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ቅሪት ደግሞ ቅጠል ላይ ለሳምንታት ቆይቶ ይጎዳዋል። መዝገቡን አይታ ሁለት ቤቶችን «እዚህ አሁን ብታመጡ ብር መጣል ነው» ብላ አስቆየችን። ሻጭ ብትሆን ኖሮ ይህን አትልም ነበር።

ከዚያ አሰሳው። ማጉያ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቤድ በቤድ (በእያንዳንዱ የተከላ መደብ) ትሄዳለች፣ ጎንበስ ብላ የታችኛውን ቅጠል ትገለብጣለች፣ ተባይ ያገኘችበት ምሰሶ ላይ ቀይ ሪባን ታስራለች፣ የቤዱን ቁጥር ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ቦታ ትመለከታለች። ድር ሲታይ ረፍዷል ትላለች፤ የምትፈልገው ነጠብጣቡን ነው። የእኛን ልጆችም እንዲሁ አሠልጥናቸዋለች። የተባዩ እንቁላል ክብና ትንሽ ነው፤ የፋይቶ ሞላላ ሆኖ እጥፍ ያህል ይተልቃል። አሁን ከለቃሚዎቻችን መካከል ይህን ለይተው የሚያሳዩኝ አሉ።

ጠርሙሶቹ የደረሱ ዕለት ነጭ ወረቀት ላይ ትንሽ አፍስሳ የሚንቀሳቀሱትን ታያለች። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ጠርሙሱን አስተኝታ ታስቀምጣለች፤ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አታሳድርም። ከመነስነሷ በፊት በቀስታ ታሽከረክረዋለች፣ ማይቶቹ ወደ ላይ ስለሚሰበሰቡ። በቀትር ፀሐይ አትነሰንስም። ሪባን ባለበት ቦታ ታበዛለች፣ ሌላውን ታሳሳለች።

እኔን ለዘላለም ባለውለታ ያደረገችኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። ፋይቶው ከገባ በኋላም ቅጠሉ መልኩ ያው ነበር፤ የገረጣው ገርጥቷል፣ ድሩም አለ። ከቢሮ «ይረጭ» የሚል ግፊት መጣ። ስካውቷ ቅጠል ቀጥፋ መጣችና መነጽሩን እጄ ላይ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አሮጌውን ቅጠል አይዩት፣ እሱ ከእንግዲህ አይድንም። አዲስ የወጣውን ይዩ። ሞላላዎቹንም እንቁላሎች ይቁጠሯቸው።» አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ነበር። ሞላላዎቹ ከክቦቹ በልጠዋል። ያንኑ ቅጠል ይዛ ቢሮ ገብታ አንድ ሳምንት ለመነች፤ ተፈቀደላት። እነዚያ ቤዶች ለስፓይደር ማይት ርጭት ሳያስፈልጋቸው ቀረ። በዚያን ቀን ብንረጭ ኖሮ ያስመጣነውን አዳኝ በገዛ እጃችን ገድለን ተባዩን ብቻ እናስተርፍ ነበር። ብዙ እርሻ ላይ «ፋይቶ ሞክረን አልሠራም» ሲባል ስሰማ የሚመጣብኝ ይህ ነው።

ለሁሉም መድኃኒት ነው ብላም አትሸነግልም። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፎ አየሩ ሲደርቅ ፋይቶ ይደክማል፤ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲወርድ እንቁላሉ በደንብ አይፈለፈልም፤ ስለዚህ በበጋ መተላለፊያውን በውሃ እንድናረጥብ ታደርጋለች። ተባዩ ሲያልቅ እሱም ስለሚራብ፣ የአበባ ዱቄትና ሌሎች ማይቶችንም በልቶ መቆየት የሚችለውን ካሊፎርኒከስ የተባለ ሌላ አዳኝ ማይት ቀድማ ታስገባለች። ለሻጋታና ለክሽክሽ ሌላ መላ ያስፈልጋል። ለሻጋታ የሚረጨውንም እሷ ሳታየው ማንም እንዳይረጭ አጥብቃ ትቆጣጠራለች።

አንድ ጊዜ የመቂ የቲማቲም ገበሬ ወሬውን ሰምተው ቅጠል ይዘው መጡ። አየችውና «አባባ፣ ይሄ ቱታ የሚባለው የቲማቲም ትል ነው፤ የእኛ ማይት ቱታን አይነካም። ቲማቲም ላይ ደግሞ የሚያጣብቀው ፀጉር እንደልቡ አያስኬደውም። ገንዘብዎን አያባክኑ» ብላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ወረቀት ላይ ጽፋ ሸኘቻቸው። ሳንቲም አልጠየቀችም። ይህችን ልጅ ነው የምጠቁማችሁ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማለዳ ገብተው እስከ ከሰዓት ጽጌረዳ የሚለቅሙት እህቶቻችን ያ ሁሉ ሽታ ከሚሠሩበት ግሪንሃውስ መቅለሉን ይናገራሉ፤ ምስጋናው የእነሱም ነው።

አሁን በግሏ ለተለያዩ እርሻዎች ታማክራለች፤ ስካውቶችን ታሠለጥናለች። በግሪንሃውስ እንጆሪ የምታመርቱም ብታነጋግሯት ትጠቀማላችሁ። ስልኳን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እልካለሁ። በጋው ሳይበረታ፣ ድሩ ሳይታይ ጥሯት። የርጭት መዝገባችሁንም አዘጋጁ፤ ገና ከመኪና ሳትወርድ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።