ሽታው ያለው ፓቹ ውስጥ ነው፦ ሶዲየም ፐርካርቦኔት ለሜታል ሰደርያ፣ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

በፓች (የባንድ ስምና አርማ ባለበት የጨርቅ ቁራጭ) የተሸፈነ የጂንስ ሰደርያ መታጠብ የለበትም የሚል እምነት በሜታል ሙዚቃ አፍቃሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ከሞተረኞች እጅጌ አልባ ጃኬት የተወረሰ ልብስ ነው፤ ጀርመኖች ኩተ ይሉታል። እምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በማሽን ታጥቦ የጀርባ ፓቹ የተሰነጣጠቀ፣ የጥልፉ ጠርዝ የተተረተረ ሰደርያ ማየት ልብ ይሰብራል፤ አንዳንዱ ፓች አንዴ ከተበላሸ ዳግም አይገኝም። ይሁን እንጂ ላብ ልብሱ ላይ ተኝቶ መክረሙም ጉዳት አለው። ጨዉ ስታዶችን (ጨርቁ ላይ የሚተከሉ የብረት ጉብታዎችን) ያዝጋል፣ የቆዳ ቅባት አቧራ ይይዛል፣ በብብት በኩል ያለው የጥጥ ክር ቀድሞ ይደክማል። ስለዚህ መታጠቡ አይቀርም፤ ጥያቄው በምንና እንዴት የሚለው ነው። ይህ ግምገማ አንድ ሙሉ የፌስቲቫል ወቅትና የተከተለውን ክረምት በተለያዩ ሰደርያዎች ላይ ስለተሠራበት ንጹሕ የሶዲየም ፐርካርቦኔት ዱቄት ነው።

ዱቄቱ ነጭ ነው፤ እንደ ደቃቅ ጨው ይፈስሳል፤ ሽታ የለውም። ሶዲየም ካርቦኔትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አብረው የያዙት ሲሆን ውሃ ሲያገኝ ሁለቱ ይለያያሉ። ካርቦኔቱ ቅባት ያላቅቃል፤ ፐርኦክሳይዱ ባክቴሪያ ይገድላል፣ ሽታ የሚሰጡትን ውህዶችም ይሰብራል። ከበረኪና ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በረኪና የጂንሱን ኢንዲጎ (ሰማያዊ ማቅለሚያ) ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ወደ ሰደርያ ፈጽሞ አይጠጋም። ስትገዙ የጥቅሉን ጀርባ አንብቡ። ብዙዎቹ የእድፍ ማስለቀቂያ ዱቄቶች ፐርካርቦኔት በከፊል ብቻ አላቸው፤ የተቀረው ተራ ሶዳ፣ ሽቶና ሳሙና ነው። ሌላ ምንም ያልተቀላቀለበትን ምረጡ። በጀርመን በየጽዳት ዕቃ መደብሩ በቀላሉ ይገኛል።

ሽታው ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ እጥበቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ብዙ ሰው ጂንሱን ይወቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ 15 ወር ሳይታጠብ የለበሰው ጂንስ ሲመረመር፣ የተገኘው የባክቴሪያ ብዛት ያው ጂንስ ታጥቦ 13 ቀን ከተለበሰ በኋላ ከተለካው ጋር ተቀራራቢ ነበር። ጥጥ ላብን ይጠጣል፣ ሲታጠብም በቀላሉ ይለቃል። ፖሊስተር ግን ውሃን ገፍቶ ቅባትን ይስባል፤ ሽታውም ቅባቱ ውስጥ ይቀመጣል። የተሸመነውም ሆነ የተጠለፈው ፓች በአብዛኛው ፖሊስተር ነው። ከዚያ በላይ፣ በፓቹና በጂንሱ መካከል አየር የማይገባበት ክፍተት አለ፤ ላብ በስፌቱ ቀዳዳ ገብቶ እዚያ ይተኛል። አፍንጫችሁን ከጂንሱ ባዶ ቦታ ወደ ጀርባው ፓች መሐል ብታዘዋውሩ ልዩነቱን ወዲያው ታገኙታላችሁ። ላዩን መፈተግ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ውሃው ከፓቹ ሥር ገብቶ ጊዜ ማግኘት አለበት።

ከመዘፍዘፉ በፊት ሰደርያውን በብርሃን ሥር ዘርግታችሁ መርምሩ። የቆዳ ቁራጭ ካለበት አውጡት፤ የዚህ ዱቄት ውሃ ቆዳን ያደርቃል፣ ያጠነክራል። ፒኖችና የመርፌ ቁልፎች ሁሉ ይውለቁ። የላላ ስፌት ካለ አስቀድማችሁ በፖሊስተር ክር አጥብቁት፣ ርጥብ ፓች ከባድ ስለሆነ የላላውን ይጎትተዋል። ቀይ ጥልፍ ላይ ርጥብ ነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ ከባድ ዕቃ ጫኑበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ጨርቁ ከቀላ ያ ሰደርያ ለመዘፍዘፍ አይሆንም። ጥቁር ጂንስም በውስጥ በኩል፣ በስፌቱ ኅዳግ ላይ ይፈተን።

ከሁሉ በላይ ግን ዝገትን ተጠንቀቁ። ብረትና መዳብ ፐርኦክሳይዱ በፍጥነት እንዲበታተን ያደርጉታል። የዛገ ስታድ ያለበት ጨርቅ ሳፋው ውስጥ ሲገባ ከስታዱ እግር ሥር ደቃቅ አረፋ በመስመር እየተከታተለ ይወጣል፤ የተቀረው ውሃ ጸጥ እንዳለ ያ ቦታ ብቻ ይንተከተካል። መልኩ ጽዳት ይመስላል፤ የሚበላው ግን የጥጡን ክር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም በስታዱ ዙሪያ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። የዛገውን ስታድ ነቅሎ በአዲስ መተካት ወይም ያንን ሰደርያ በሌላ መንገድ ማጽዳት ይሻላል። ልባጡ ያልተነካ ስታድ እንዲህ ሲያረፋ አልታየም።

እጥበቱ ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር 8 ሊትር ያህል 30 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ኢንዛይም ያለው ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ፤ ሰደርያውን ገልብጣችሁ አስገቡና አንድ ሰዓት ተዉት። ፕሮቲኤዝና ሊፔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች የላቡን ፕሮቲንና ቅባት ይቆራርጣሉ። በየሩብ ሰዓቱ የጀርባውን ፓች በመዳፍ ጫን ለቀቅ አድርጉት፤ ከሥሩ አየር ሲወጣና ውሃው ቡናማ ሲሆን ታያላችሁ። አትሹት፣ አትጠምዝዙት። ከዚያ አንዴ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ።

ሁለተኛው ዙር የዱቄቱ ነው፦ በ8 ሊትር 40 ዲግሪ ውሃ 40 ግራም። የወጥ ቤት ሚዛን ካለ በሚዛን፣ ከሌለ ወደ ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ። ጓንት አድርጉ፤ ዱቄቱ በተለይ ለዓይን አደገኛ ነው። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አማስሉት፤ ያልሟሟ ዱቄት ጨርቅ ላይ ካረፈ ነጣ ያለ ነጥብ ይተዋል። ውሃው ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ ሥራው በጣም ይዘገያል፤ 60 ከደረሰ ደግሞ ኢንዲጎው ይለቃል፣ በካውያ የተለጠፉት ፓቾች ሙጫም ይለሰልሳል። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሌሊቱን ማሳደር ትርፍ የለውም፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ኦክስጅኑም ያልቃል። ሁለቱን ዙር በአንድ ሳፋ ላጠቃልል ብትሉ ፐርኦክሳይዱ ከፈሳሽ ሳሙና የመጡትን ኢንዛይሞች ያዳክማቸዋል፤ ሁለቱም ግማሽ ሥራ ይሠራሉ።

ማለቅለቁ ሦስት ጊዜ ነው፣ ወይም ውሃው በጣቶች መካከል ማሟለጩን እስኪተው ድረስ። ከፓች ሥር የቀረ ካርቦኔት ሲደርቅ በጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይሠራል።

ማድረቁ ከማጠቡ እኩል ወሳኝ ነው። ቀስ ብሎ በሚደርቅ ልብስ ላይ ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ የታጠበ ልብስ የሚያመጣው ያ የሻገተ ሽታ በአብዛኛው የእሱ ነው። በፓች የታጨቀ ጀርባ ደግሞ ደረቅ መስሎ ውስጡ ርጥብ ይሆናል። በወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ በጉልበት ተጫኑት፤ ፎጣ ለውጡና ድገሙ። ከዚያ ሰፊ ትከሻ ባለው መስቀያ ላይ ገልብጣችሁ ስቀሉና የአየር ማራገቢያ አዙሩበት። ፀሐይ ቀለም ስለሚበላ በጥላ ይሁን። የማድረቂያ ማሽን የታተሙትን ፓቾች ያጣብቃል፤ አይታሰብም።

ከወራት በኋላ ውጤቱ ይህ ነው። የላብ ሽታው ከተሸመኑትና ከተጠለፉት ፓቾች ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ተራ ሳሙና ሲሆን ያው ሰውነት ላይ ሲሞቅ ተመልሶ ይመጣ የነበረው ክርፋት በዚህ አልተመለሰም፤ ለእኔ ትልቁ ፈተና ይህ ነበር። የቢራና የሲጋራ ጭስ ሽታም ለቋል። ነጭ ክሮች ጎላ ብለዋል። ኢንዲጎው በኮሌታውና በስፌቱ ጫፍ ላይ ጥቂት ደብዝዟል፤ ድሩ ላይ ያለው ኢንዲጎ የክሩን ላይ ብቻ ስለሚሸፍን ከማንኛውም እጥበት ጋር ትንሽ ይሄዳል። ዝገትን አያስለቅቅም። አስቀድሞ የተሰነጠቀ የታተመ ፓችን አያድንም። በሙጫ ብቻ የተያዙ ፓቾች ጥግ ጥጋቸው ተነስቷል፤ ስለዚህ ከመዘፍዘፉ በፊት ዙሪያቸው ይሰፋ።

የአቀማመጡ ጉዳይ ቀላል አይደለም። መታጠቢያ ቤት የተቀመጠ ዱቄት እርጥበት ስቦ ይጓጉላል፣ ኃይሉም ይሄዳል። ለመፈተን አንድ የሻይ ማንኪያ በብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ ካልተፍለቀለቀ ሞቷል። የተበጠበጠውን ውሃ ለነገ ብላችሁ ጠርሙስ ውስጥ አትዝጉበት፤ ኦክስጅኑ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል።

ሌሎች የሚመከሩ ነገሮችም አሉ። ፍሪዘር ባክቴሪያውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ ልብሱ ሲሞቅ ሽታው ይነቃል። አቼቶ የካርቦኔት ቅሪትን ቢያጠፋም ብረት ይበላል፤ ከዚህ ዱቄት ጋር በአንድ ሳፋ ከተገናኘ ደግሞ የዱቄቱን ኃይል ያከሽፋል፣ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል አሲድም ሊፈጠር ይችላል። ቤኪንግ ሶዳ ደረቁን ሲነሰንሱት ከጥልፉ ውስጥ አይወጣም። ጥሩ ሆኖ የተገኘው ቮድካ ነው፤ የቲያትር አልባሳት ሠራተኞች የማይታጠቡ ልብሶችን በዚህ ይረጫሉ። 70 በመቶ አልኮል የበለጠ ይገድላል፤ ነገር ግን የታተመ ፓችን ቀለም ሊያሟሟ ስለሚችል በውስጥ በኩል ብቻ፣ ከእሳት ርቆ ይረጭ። ቆዳ ወይም የዛገ ብረት ላለበት ሰደርያ ያለው አማራጭ ይኸው ነው።

ጭቃን በተመለከተ፣ እንደ ጀርመኑ ዋከን ባለ የሜታል ፌስቲቫል ጭቃው ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከዝናቡ የተነሳ ተጨማሪ ሰው ማስገባት እስከማቆም ደርሶ ነበር። ርጥብ ጭቃ አይነካ። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፣ ጥልፉ ውስጥ የቀረው በጥርስ ብሩሽ ወደ ክሩ አቅጣጫ ይጠረግ፤ ውሃ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቢራ ግን በተቃራኒው ነው። ስኳሩ ሳይደርቅ፣ እዚያው ማታውኑ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በጨርቅ ይጠረግ።

በእጥበት መካከል ከየኮንሰርቱ በኋላ ገልብጦ ማታውን አየር ላይ መስቀል ይበቃል። ቦርሳ ውስጥ ርጥቡን ተጣጥፎ ያደረ ሰደርያ ግን በቀጥታ ወደ ሳፋው ይሂድ። በአማካይ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይህን ሙሉ እጥበት ማድረግ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የሚጎዳው ኢንዲጎው ነው።