አጥንት የምታስይዘዋ አስጎብኚ

ቅዳሜ ጠዋት የ9 ዓመት ልጄንና ሁለቱን የእህቴን ልጆች ይዤ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ነበር። እዚያ ያገኘናትን አስጎብኚ ሳላመሰግን ብቀር ቅር ይለኛል። ስሜን አትጥቀሺ ብላኛለች።

ልጄ ሙዚየም አይወድም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ወስጄው «አትንካ!» ሲባል ውሎ ነው የተመለሰው። እሷ ግን ገና ሰላም ሳንባባል ከቦርሳዋ የአጥንት ቅጂዎች አውጥታ «ያዙ» አለቻቸው። በራሷ ብር ያሠራቻቸው ናቸው።

መጀመሪያ ሁለት የጭን አጥንት ሰጠቻቸው። አንዱ የቺምፓንዚ፣ አንዱ የድንቅነሽ (የሉሲ)። «በጉልበቱ በኩል አቁሙት» አለች። የቺምፓንዚው ቀጥ ብሎ ቆመ። የድንቅነሽ ወደ ጎን ዘመም አለ። «አሁን የራሳችሁን ጭን ከዳሌ እስከ ጉልበት ዳብሱ።» ዳበሱ። የእነሱም ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ከዚያ እግራችሁን አራርቃችሁ ሂዱ አለቻቸው። እንደ ቺምፓንዚ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ሄዱ። «ታዲያ ድንቅነሽ እንዴት ነበር የምትሄደው?» ስትል ልጄ «እንደኛ!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልነገረውም። በእጁ ነው ያገኘው።

የራስ ቅሉን ሲይዙ ደግሞ እኔ ተማርኩ። አንጎሏ ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም ነበር። ቀድሞ የመጣው በሁለት እግር መሄድ ነው፤ ትልቁ አንጎል ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እኛ ትምህርት ቤት «ኅዳር 1967 ዓ.ም.፣ ሐዳር፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት» ብለን ሸምድደን ነው ያለፍነው።

ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ ልጆቹ ራሳቸው ጉልበቷን ፈለጉ። የሚታየው ቅጂ እንደሆነ፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ እንደሚቀመጥ በግልጽ ነገረቻቸው። «የሉሲ ልጅ» የምንላት ሰላምም ልጇ አይደለችም። ዲኪካ የተገኘችው ይህች የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ከድንቅነሽ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ትቀድማለች!

ትንሿ የእህቴ ልጅ «ቲቸር፣ አዳምና ሔዋንስ?» አለቻት። እኔ ደነገጥኩ። እሷ ግን ቁጭ ብላ «እሱን እማዬንና የንስሐ አባታችሁን ጠይቂ የኔ ቆንጆ፤ እኔ የማሳይሽ አጥንቱ የሚነግረንን ነው» አለቻት። ልጅቷን አላሳቀቀቻትም፣ የራሷንም ትምህርት አላድበሰበሰችም። ይሄን አክብሬዋለሁ።

ልጅ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሙዚየሙ በር ላይ «አጥንት የምታስይዘዋ» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሰዓት ያህል ያዙላት፣ አታስቸኩሏት። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ እስካሁን ቤት የመጣውን እንግዳ ሁሉ ጭንህን ዳብስ እያለ ነው።