ሲ ክላውድ፦ ከመሳፈርዎ በፊት ስለ ዘማቿ መርከብ

ሲ ክላውድን እንደ ተራ የመዝናኛ መርከብ ከመዘኗት ትወድቃለች። ሊፍት የላትም፣ ደረጃዋ ብዙ ነው፣ የምትይዘው 64 ተሳፋሪ ብቻ ሆኖ ዋጋዋ ግን ኪስ ያራቁታል። ገንዘቡ የሚከፈለው ለታሪኳና ለሸራዋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1931 ጀርመን ኪል ውስጥ «ሁሳር» ተብላ ለአሜሪካዊቷ ባለጸጋ ማርጆሪ ሜሪዌዘር ፖስትና ለባለቤቷ ተሠራች። 110 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ባልና ሚስቱ ሲፋቱ በ1935 ስሟ ሲ ክላውድ ሆነ። በ1942 ደግሞ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በዓመት 1 ዶላር ተከራያት። አራቱም የሸራ ምሰሶዎች ተነቀሉ፣ ነጩ አካሏ ግራጫ ተቀባ፣ መድፍና ሰርጓጅ መርከብ መምቻ ቦምብ ተጫነባት። ዋና ሥራዋ ግን ውጊያ አልነበረም፤ በሰሜን አትላንቲክ በተመደበላት ክልል እየተመላለሰች የአየር ሁኔታ ትለካለች፣ ውጤቱን በሬዲዮ ታስተላልፋለች።

በ1943 መጨረሻ አዛዥ የሆነው ካርልተን ስኪነር ነው ለመርከቧ ከጌጧ ሁሉ የሚበልጥ ክብር ያተረፈላት። ጥቁር መርከበኞች በአብዛኛው ከምግብ አስተናጋጅነት በማያልፉበት ዘመን፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ ሙያ፣ በአንድ መኝታ፣ በአንድ ማዕድ አብረው እንዲሠሩ አደረገ። ሠዓሊው ጃኮብ ሎውረንስም እዚሁ አገልግሏል። በኅዳር 1944 ከአገልግሎት ወጥታ ለባለቤቶቿ ተመለሰች። በ1955 የዶሚኒካኑ አምባገነን ትሩሂዮ እጅ ስትገባ ፖስት በልዋጩ አውሮፕላን ወሰደች! ከ1979 ጀምሮ ደግሞ መንገደኛ ታመላልሳለች።

መኝታ ሲይዙ የክፍሉን ቁጥር ይጠይቁ። ቁጥር 1 የፖስት ክፍል ነው፦ እብነ በረድ ምድጃ (እሳት አይነድበትም) እና የዳክዬ ዘመድ በሆነችው ስዋን ቅርጽ የተሠራ ወርቅማ ቧንቧ አለው። ቁጥር 2 የባሏ ነበር፤ ግድግዳው በጥቁር እንጨት የተለበጠ ነው። የሁለቱ ዋጋ ከከበደ ታች ያሉትን ሌሎች የ1931 ክፍሎች ይምረጡ። መስኮታቸው ክብና ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ወደ ውኃው ስለሚቀርቡ ማዕበል ሲነሳ ከላይኞቹ ያነሰ ይወዛወዛሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ የተጨመሩት ክፍሎች ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ብርሃን አላቸው፣ ታሪክ የላቸውም።

3,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋው ሸራ የሚዘረጋው በሰው እጅ ነው፤ ሠራተኞቹ ምሰሶው ላይ ይወጣሉ፣ ተሳፋሪ ግን አይፈቀድለትም። ነፋስ ሸራውን ሲሞላ መርከቧን ወደ አንድ ጎን ደግፎ ስለሚይዛት ትረጋጋለች። ነፋስ ሲጠፋ በሞተር ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ ድጋፉ ስለሚቀር ግራና ቀኝ ትንገዋለላለች። ጦርነቱ ላይ ምሰሶ አልባ ሆና በአትላንቲክ ማዕበል የቆሙት ሰዎች ምን እንደቀመሱ ከዚህ መገመት ይቻላል። የባሕር ሕመም የሚያስቸግረው ሰው መድኃኒቱን መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ይዋጥ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። የጉዞ መርሐ ግብሩን ሲያዩም ሙሉ ቀን ባሕር ላይ የሚዋልባቸውን ቀናት ይቁጠሩ። በየቀኑ ወደብ የሚቆም ጉዞ ሰዓት ለመድረስ ሞተር ያበዛል፤ ሸራ የሚያዩት በባሕር ቀን ነው።