ለማታ ፎቶ፦ ሶኒ አርኤክስ100 ወይስ ካነን ጂ7ኤክስ?

ከአሜሪካ ዘመድ ሊመጣ ነው ሲባል ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ማታ ብዥ የማይል ትንሽ ካሜራ የቱ ነው? ላስመጣ ነው።» የኔም መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ ያገለገለ ሶኒ አርኤክስ100፣ የመጀመሪያው፣ የ2012ቱ።

እኔም መጀመሪያ ተሸውጃለሁ። «48 ሜጋፒክስል» የተለጠፈበት ስም የለሽ ካሜራ በ60 ዶላር አስመጣሁ። የእህቴ ልጅ ልደት ላይ መብራት አጥፍተን ሻማ ለኮስን። ልጅቷ እፍ ስትል አነሳኋት። ፊቷ ሳይደርቅ እንደተነካ ቀለም ተዝረክርኮ ወጣ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሜጋፒክስል ብርሃን አይሰበስብም። የሚሰበስበው ሰፊ ሰንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ እና በሰፊው የሚከፈት ሌንስ ነው። የሶኒውም የካነኑም ሰንሰር «ባለ 1 ኢንች» የሚባለው ነው፤ ርካሾቹ ካሜራዎች ውስጥ ከሚገባው በስፋት 4 እጥፍ ያህል ይበልጣል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። አዲስ ሲወጡ ሶኒው 650 ዶላር፣ የ2014ቱ ካነን ጂ7ኤክስ 700 ዶላር ገደማ ነበሩ። አሁን ካነኑን ቲክቶክ አስወድዶታል፤ ያገለገለው ሳይቀር ዋጋው ተሰቅሏል። ለምን ትጨምራላችሁ? ዙም እስካላደረጋችሁ ድረስ የሁለቱም ሌንስ እስከ 1.8 ይከፈታል፤ ይሄ የሌንሱ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የሚያስገቡት ብርሃን እኩል ነው።

ዙም ላይ ግን ካነኑ ይበልጣል። እስከ መጨረሻው ሲሳብ ካነኑ 2.8፣ ሶኒው 4.9 ላይ ይቆማል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል፤ ልዩነቱ 3 እጥፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆማችሁ በጧፍ ብርሃን የመዘምራኑን ፊት የምታነሱ ከሆነ፣ ጨምሩና ካነኑን ግዙ። ለቡናና ለልደት ግን ሁለት እርምጃ ጠጋ በሉ፤ ገንዘቡ ኪሳችሁ ይቅር።

ሶኒው በአንድ ቻርጅ 330 ፎቶ ያህል ያነሳል፤ ካነኑ 210። ሶኒው በማይክሮ ዩኤስቢ ስለሚሞላ ፓወር ባንክ ይበቃዋል። መብራት ለሚሄድበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በተረፈው ብር ኦርጅናል ባትሪ ግዙ። እኔ በግማሽ ዋጋ ፎርጅድ ገዝቼ በ3 ወሩ አበጠ። ከካሜራው አልወጣ አለ። ጠጋኙ እየፈለቀቀ ሲያወጣው የባትሪው ክዳን ተሰበረ። አሁን የሚዘጋው በፕላስተር ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ አብሩት። ሌንሱ ሲወጣ አሸዋ የሚፈጭ ከመሰለ ተዉት። ከዚያ ሌንሱን እስከ 11 አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ። ጥቁር ነጥብ ከታየ ውስጡ አቧራ አለ፤ ለማጽዳት ደግሞ መፈታት አለበት። ጥገናው የካሜራውን ግማሽ ዋጋ ሲበላ አይቻለሁ።

ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ፍላሹን አጥፉ። የሶኒውን ማዞሪያ ኤስ (S) ላይ አድርጉ፤ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን፣ አውቶ። የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያው የሚሮጥ ልጅ አያስቆምም፤ የሚያስቆመው ሹተሩ ነው። ፎቶው ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ይታይ ይሆናል። ዘንድሮ የእህቴን ልጅ እንዲህ አድርጌ አነሳኋት፤ ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል።